መብራት የማይጠይቅ የፕሮግራሚንግ ትምህርት

(ለመምህራንና ለወላጆች በተዘጋጀ የሕዝብ ትምህርት መድረክ ላይ የቀረበ ንግግር)



እ.ኤ.አ. በ2018 መጀመሪያ ላይ ከጋና የወጣ አንድ ፎቶግራፍ ዓለምን ዞሮ ነበር። ሪቻርድ አፒያ አኮቶ የተባለ መምህር፣ ሴክዬዶማሴ በምትባል የገጠር ከተማ በሚገኝ ትምህርት ቤቱ፣ የማይክሮሶፍት ወርድን ገጽ ከነምልክቶቹ በባለ ቀለም ጠመኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ተማሪዎቹን ያስተምራል። ትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር አልነበረውም። ተማሪዎቹ ግን በብሔራዊ ፈተና ላይ ስለ ኮምፒውተር ይጠየቃሉ። ፎቶውን ያየ ሁሉ ተደነቀ፤ ማይክሮሶፍትም መምህሩን ሲንጋፖር ወደተካሄደ የመምህራን ጉባኤ ጋበዘው፤ ለትምህርት ቤቱም ኮምፒውተር የሚለግሱ ተገኙ።

መምህሩን አደንቃለሁ። ፈተናውን ግን አላደንቅም። አንድ ልጅ የወርድ ምልክት ስንተኛው ረድፍ ላይ እንደምትገኝ እንዲያውቅ ከተፈለገ ያችን ምልክት ማየት አለበት፤ ማሽኑ ከሌለ መሣል ግድ ነው። እንዲህ ያለው ዕውቀት ደግሞ ሶፍትዌሩ በተቀየረ ቁጥር አብሮ ያረጃል። ፕሮግራሚንግ ሌላ ነገር ነው። ሥራን ወደ ጥቃቅን እርምጃዎች መበተን፣ እርምጃዎቹን በተራቸው ማስቀመጥ፣ «ይህ ከሆነ ያንን አድርግ፣ ካልሆነ እለፍ» ማለት፣ «እስኪያልቅ ድገም» ማለት፣ የተሳሳተችውን መስመር አድኖ መያዝ ነው። ለዚህ ጠመኔ፣ ካርቶን፣ ቆርኪና የልጆች እግር ይበቃል። እንዲያውም ከዚህ አልፌ እናገራለሁ፦ ኮምፒውተር በሞላበት ክፍል ውስጥም ቢሆን ጀማሪን በመጀመሪያው ቀን ማያ ገጽ ፊት ማስቀመጥ ብዙ ጊዜ ስሕተት ነው። ልጁ የሚታገለው ከአሳቡ ጋር ሳይሆን ከኪቦርዱ፣ ከጎደለች ሴሚኮለንና በእንግሊዝኛ ከሚወርድበት የስሕተት መልእክት ጋር ይሆናል። ክፍለ ጊዜው ሲያልቅ የተማረው ነገር ቢኖር «ይህ ለእኔ አይደለም» የሚል ብቻ ነው።

ነገሩ ከድህነት የተወለደ ብልሃት እንዳይመስላችሁ። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ አለን ቱሪንግና ባልደረባው ዴቪድ ቻምፐርናውን እ.ኤ.አ. በ1948 ገደማ ቼዝ የሚጫወት ፕሮግራም ጻፉ። በዚያን ጊዜ ፕሮግራሙን ሊያስኬድ የሚችል ማሽን አልነበረም። ስለዚህ በ1952 ቱሪንግ ራሱ ማሽን ሆነ፦ አሊክ ግሌኒ ከተባለ የኮምፒውተር ባለሙያ ጋር ተቀምጦ፣ የጻፈውን መመሪያ በወረቀት ላይ እያሰላ፣ መመሪያው ያዘዘውን ብቻ ተጫወተ። አንዱን እርምጃ ለማስላት ግማሽ ሰዓት ያህል ይፈጅበት ነበር። ተሸነፈ፤ ግን ያ ጨዋታ በሙሉ ትርጉሙ ፕሮግራም ማስኬድ ነበር። መብራት አልተጠየቀም።

ያለ ማሽን የመሥራትን ዘዴ ወደ ሕፃናት ክፍል በማስገባት የሚታወቁት ሰዎች ቲም ቤል፣ ኢያን ዊተንና ማይክ ፌሎውስ ናቸው። ቤል በኒውዚላንድ፣ በክራይስትቸርች ከተማ የካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር። በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ትንሹ ልጁ ትምህርት ቤት ሲገባ አባት ስለ ሥራው ለክፍሉ እንዲናገር ተጋበዘ። ለአምስት ዓመት ሕፃናት ስለ አልጎሪዝም፣ ማለትም ስለ ደረጃ በደረጃ መመሪያ፣ ምን ይባላል? ካርዶችና ጨዋታዎች ይዞ ሄደ፤ ሠራለት። ከዚያ ከሁለቱ ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጁት የመልመጃ መጽሐፍ በነፃ ተሠራጨ፤ ወደ በርካታ ቋንቋዎችም ተተረጎመ። ዛሬ በዓለም ዙሪያ ይህን ዓይነት ትምህርት የሚሰጡ ብዙ መምህራን የእነርሱን ጨዋታ በአንድ ወይም በሌላ መልኩ ይጠቀማሉ።

አሁን ወደ ክፍል እንግባ።

የመጀመሪያው ትምህርት መምህሩ ማሽን የሚሆንበት ነው። ተማሪዎቹ መምህሩን ከሰሌዳው አጠገብ አስነሥተው በሩን እንዲዘጋ ማድረግ አለባቸው። ማሽኑ የሚያውቃቸው ትእዛዞች አራት ብቻ ናቸው፦ አንድ እርምጃ ወደ ፊት፣ ወደ ቀኝ ዙር፣ ወደ ግራ ዙር፣ ግፋ። «በሩን ዝጋ» ብሎ ማዘዝ አይቻልም፤ ማሽኑ በር ምን እንደሆነ አያውቅም። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የሚያልፏት አንዲት ቁም ነገር አለች። ልጆቹ ትእዛዛቸውን ከመቀመጫቸው እየጮኹ እንዲሰጡ ከተፈቀደላቸው፣ መምህሩ ሲሳሳት እያዩ በዓይናቸው ያርሙታል፤ ይህ ሪሞት ኮንትሮል መጫን እንጂ ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። ሙሉውን መመሪያ አስቀድመው በወረቀት ይጻፉ፣ ወረቀቱን ያስረክቡ፣ ከዚያ በኋላ አፋቸውን ይዝጉ። መምህሩም ያለ ርኅራኄ የተጻፈውን ብቻ ይፈጽም። ወንበር ይመታል፣ ከግድግዳ ጋር ይላተማል፣ አየሩን ይገፋል። ክፍሉ በሳቅ ይሞላል።

ከሳቁ በኋላ ያለው ሥራ ነው ዋናው። ልጆች መመሪያው ሲሳሳት የመጀመሪያ ዝንባሌያቸው ወረቀቱን ቀድደው እንደ አዲስ መጻፍ ነው። አትፍቀዱላቸው። «የትኛዋ መስመር ናት ያሳሳተችው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ አንዷን ብቻ አርመው እንደገና ያስኬዱ። ፕሮግራም ጸሐፊ ዕድሜውን የሚፈጀው በዚህ ሥራ ነው። በሩ በመጨረሻ ሲዘጋ ደግሞ አንድ ወንበር ከቦታው አንሡና መንገዱ መሐል አስቀምጡት። ትናንት የሠራው ፕሮግራም ዛሬ ይወድቃል። ልጆቹ ራሳቸው «ከፊቱ ዕቃ ካለ ይዙር ማለት አለብን» ይላሉ፤ ኮንዲሽን የምንለው መጣ ማለት ነው። ሌላዋ ደግሞ «ስንት እርምጃ እንደሆነ አናውቅም፣ በሩ ጋ እስኪደርስ ይሂድ እንበለው» ትላለች፤ ሉፕ መጣ። መምህሩ ስሙን የሚያስተዋውቀው አሁን ነው። አሳቡ ስላስፈለጋቸው የመጣ እንጂ ከደብተር የተቀዳ አልሆነም።

ልጅ ራሱ ማሽን ሆኖ ሲራመድ እንደሚማር ሲሞር ፓፐርት ቀደም ብሎ ያውቅ ነበር። ከዋሊ ፈርዛይግና ከሲንቲያ ሶሎሞን ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ለሕፃናት የፈጠሩት ሎጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋ ኋላ ላይ በማያ ገጽ ላይ የምትንቀሳቀስ «ኤሊ» ኖረችው። ልጁ ግራ ሲገባው የፓፐርት ምክር ከወንበሩ ተነሥቶ እንደ ኤሊዋ እንዲራመድ ነበር። ሦስት እኩል ጎን ያለው ሦስት ማዕዘን እንዲሥል የታዘዘ ልጅ በየማዕዘኑ 60 ዲግሪ ያዞራል፤ ከመጽሐፍ የሚያውቀው 60 ነዋ። መሬት ላይ ቢራመደው ግን ሰውነቱ የሚዞረው 120 ዲግሪ መሆኑን እግሩ ይነግረዋል።

ሁለተኛው ጨዋታ የእኔ ተወዳጅ ነው፤ ስለዚህ ብቆይበት ይቅርታ አድርጉልኝ። 36 ቆርኪ ያስፈልጋል። አንድ ልጅ ጠርታችሁ 25ቱን አምስት በአምስት አድርጎ እንዲደረድር፣ ከፊሉን በፊቱ ከፊሉን በጀርባው እንደፈለገ እንዲያደርግ ንገሩት። ከዚያ «ይኼማ ቀላል ነው፣ ትንሽ ላክብደው» ብላችሁ በቀኝ በኩል አንድ ዓምድ፣ በሥር አንድ ረድፍ ጨምሩ። ስትጨምሩ ግን ዝም ብላችሁ አይደለም፦ በየረድፉና በየዓምዱ በፊታቸው የተቀመጡት ቆርኪዎች ቁጥር ሙሉ በሙሉ ተጋማሽ፣ ማለትም 0፣ 2፣ 4 ወይም 6 እንዲሆን ታደርጋላችሁ። ፊታችሁን አዙሩ። ልጁ አንዲት ቆርኪ ብቻ ይገልብጥ። ተመልሳችሁ ስትመጡ በፊታቸው ያሉት ቁጥራቸው ጎዶሎ የሆነውን አንዱን ረድፍና አንዱን ዓምድ ትፈልጋላችሁ፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታ የተገለበጠችው ቆርኪ አለች። ልጆች አስማት ነው ይላሉ። መምህሩ ምሥጢሩን ለመንገር መቸኮል የለበትም። ሦስት አራት ጊዜ ከደጋገመው አንዱ ተማሪ ከኋላ ወንበር ተነሥቶ «የጨመርካቸው ናቸው!» ማለቱ አይቀርም።

ከዚያ ጥያቄው ይጠልቃል። ሁለት ቆርኪ በአንድ ረድፍ ላይ ቢገለበጥስ? ስሕተት መኖሩ ይታወቃል፤ ሁለት ዓምዶች ጎዶሎ ይሆናሉና። የትኛው ረድፍ እንደሆነ ግን አይታወቅም። አራት ቆርኪ በአራት ማዕዘን ጫፎች ላይ ቢገለበጥስ? ምንም አይታወቅም፤ ሰሌዳው ንጹሕ ይመስላል። ተማሪዎቹ ይህን በራሳቸው ሲያገኙት፣ መረጃ ስልክ ለስልክ ሲተላለፍ ለምን ትርፍ አሐዞች እንደሚጨመሩበት፣ ያ ጥበቃም ወሰን እንዳለው ገብቷቸዋል። በየመጽሐፉ ጀርባ ያለውን 13 አሐዝ ያለው የአይኤስቢኤን ቁጥር አሳዩዋቸው፦ የመጨረሻዋ አሐዝ ከቀሪዎቹ 12 ተሰልታ የተቀመጠች ናት፤ ሥራዋም ቁጥሩ በስሕተት ሲጻፍ ማስታወቅ ነው።

ስድሳና ከዚያ በላይ ተማሪ ባለበት ክፍል ይህ እንዴት ይሠራል የምትሉ አላችሁ። ቆርኪ በነፃ ነው፤ ለየወንበሩ አንድ ስብስብ ይድረስ። እንዲያውም ትልቅ ክፍል ለአንዳንዱ ትምህርት ይመቻል። የስድሳ ተማሪ ደብተር ተሰብስቦ ጠረጴዛ ላይ ተከምሯል እንበል። የአንዲት ተማሪን ደብተር ፈልጉ። ክምሩ ያልተደረደረ ከሆነ በክፉ ዕድል ስድሳውንም ልናገላብጥ ነው። በስም መጥሪያው ተራ፣ በፊደል ቅደም ተከተል ከተደረደረ ግን መሐሉን ገልጠን «ከዚህ በፊት ነው ወይስ በኋላ?» ብለን ግማሹን እንጥላለን፤ ከቀሪው ደግሞ ግማሹን። ቢበዛ በስድስተኛው እይታ ይገኛል። ከ1 እስከ 1000 አንድ ቁጥር በልብህ ያዝ ብትሉትም በአሥር «ይበልጣል ወይስ ያንሳል» ጥያቄ ታገኙታላችሁ። ልጆች ያመኑበትን ነገር በቁጥር ሲያዩት ዓይናቸው ይበራል፤ አንድ ሥራ ሁለት መንገድ ሊኖረው እንደሚችል፣ አንደኛው መንገድ ከሌላው እጅግ ሊፈጥን እንደሚችል የሚረዱት እዚህ ላይ ነው።

ከቤል መጽሐፍ ውስጥ ግቢ ላይ የሚሠራ አንድ ሌላም አለ፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። መሬት ላይ በጠመኔ መስመሮችና ክቦች ይሣላሉ፣ ስድስት ልጆች ቁጥር ይዘው ከአንድ ጫፍ ይነሣሉ። ሁለት ልጆች ክብ ውስጥ ሲገናኙ ቁጥራቸውን ያወዳድራሉ፤ ያነሰው በግራ፣ የበለጠው በቀኝ ይወጣል። ሌላው ጫፍ ሲደርሱ ሁሉም በተራቸው ተሰልፈዋል። ማንም አላሰለፋቸውም። ሦስት ጥንዶች በአንድ ጊዜ ማወዳደራቸውም ብዙ ፕሮሰሰር በአንድነት ሲሠራ ምን እንደሚመስል ያሳያል።

ባይነሪ የሚባለውን የ0ና የ1 የቁጥር አጻጻፍ ለማስተማር አምስት ካርቶን ይበቃል። በላያቸው 16፣ 8፣ 4፣ 2፣ 1 ነጥቦች ይደረጋሉ፤ አምስት ልጆች በተራ ይይዟቸዋል። ካርቶኑን የሚያሳይ 1፣ የሚገለብጥ 0። ክፍሉ 13 ካለ 8፣ 4ና 1 ይታያሉ፤ ቀሪዎቹ ይገለበጣሉ። ከ0 እስከ 31 ያለው ቁጥር ሁሉ ይወጣል፤ እያንዳንዱም በአንድ መንገድ ብቻ። እዚህ ድረስ በየትኛውም አገር የሚሠራ ነው።

ቀጥሎ ያለው ግን የእኛ ነው፤ ቢያንስ በስማችን ይጠራል። 13ን በ24 አባዙ። በአንድ በኩል 13ን እያጋመሳችሁ ጻፉ፣ ትርፉን እየጣላችሁ፦ 13፣ 6፣ 3፣ 1። በትይዩው 24ን እጥፍ እያደረጋችሁ ጻፉ፦ 24፣ 48፣ 96፣ 192። በግራ በኩል ተጋማሽ ቁጥር ያለበትን መስመር ሰርዙ፤ 6 ስለሆነ 48 ይወጣል። የቀሩትን ደምሩ፦ 24፣ 96ና 192፤ 312። ትክክል ነው። ይህ ዘዴ በሒሳብ ጽሑፎችና በፕሮግራም ጸሐፊዎች የመለማመጃ ዝርዝር ውስጥ «የኢትዮጵያ ማባዣ» እየተባለ ይገኛል፤ ሌሎች የሩሲያ ገበሬዎች ማባዣ ይሉታል፤ ከጥንት ግብፃውያን አሠራርም ጋር ይዛመዳል። የውጭ አገር ተማሪ ፓይተን የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ሲለማመድ በስማችን የሚጠራውን አልጎሪዝም ይጽፋል፤ የእኛ ተማሪ ደግሞ ስሙንም አልሰማም። ለምን እንደሚሠራ ማስረዳት ቀላል ነው፦ ያልተሰረዙት መስመሮች ቀደም ብለው ልጆቹ በካርቶን ያሳዩዋቸው 8፣ 4ና 1 ናቸው። አምስቱን ልጆች መልሳችሁ ወደ ፊት ብትጠሩ ሁለቱ ትምህርቶች ይገጥማሉ።

ገበጣም አለ። «እጅህ ውስጥ ጠጠር እስካለ ድረስ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ እለፍ፣ አንድ ጣል» የሚለው ሉፕ ነው። በብዙ አካባቢ ጨዋታ የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ከወደቀች ተራ ያልፋል፣ ጠጠር ያለበት ላይ ከወደቀች ሁሉም ታፍሶ ይቀጠላል፤ ኮንዲሽን ነው። ልጆቹን የገበጣን ሕግ ምንም ለማያውቅ ማሽን እንዲጽፉ ብታዟቸው ጠብ ይነሣል፤ አንዱ «እኛ ሰፈር እንዲህ አይደለም» ይላልና። ጠቡ በጣም ጥሩ ነው። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክኸርስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት በኢትዮጵያና በአፍሪካ ቀንድ ያሉትን በርካታ የገበጣ ዓይነቶች መዝግቧል፤ የሕጉ ልዩነት እውነተኛ ነው። ሶፍትዌር ቤቶች ውስጥ ደንበኛና ፕሮግራም ጸሐፊ የሚጣሉትም በዚሁ ነው፦ ሁለቱም አንድ ነገር የተናገሩ ይመስላቸዋል፣ የተጻፈ ሕግ ግን የላቸውም።

ከሁሉ የበለጠው የአገራችን ምሳሌ ግን የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ባሕረ ሐሳብ ነው። ትውፊቱ ለእስክንድርያው ፓትርያርክ ለድሜጥሮስ ይሰጠዋል። የቆሎ ተማሪዎች ያለ ወረቀት ጭምር ሲያሰሉት ኖረዋል። ፕሮግራም ጸሐፊ በሆነ ሰው ዓይን ስታዩት ከዳር እስከ ዳር አልጎሪዝም ነው። የ2017 ዓ.ም. ትንሣኤ መቼ ነበር? 2017 ላይ 5500 ደምሩ፣ 7517። በ19 ሲካፈል 12 ይተርፋል፤ መደብ ይባላል። አንድ ቀንሱ፣ 11፤ ወንበር ነው። ወንበርን በ19 አባዝታችሁ ለ30 አካፍሉ፤ 209 ተካፍሎ 29 ይተርፋል፤ ይህ መጥቅዕ ነው። አሁን መንታ መንገድ፦ መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ይውላል፣ ካነሰ በጥቅምት። 29 ነውና መስከረም 29። ዕለቱ ረቡዕ ነበር። ከዕለታት ሠንጠረዥ የረቡዕ ተውሳክ 4 ነው። 29ና 4፣ 33። ከ30 ስለበለጠ 30 ይነሣለታል፣ 3 ይቀራል፣ ወሩም፣ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም ሲውል ቆጠራው ከሚነሣበት ከጥር፣ ወደ የካቲት ይሻገራል። ጾመ ነነዌ የካቲት 3፣ ሰኞ። ከዚያ 69 ቀን ሲቆጠር ሚያዝያ 12፣ እሑድ፣ ትንሣኤ። የግድግዳ ካላንደራችሁን ገልጣችሁ ማረጋገጥ ትችላላችሁ።

በዚህ አንድ ስሌት ውስጥ የፕሮግራሚንግ የመጀመሪያ ወር ትምህርት አለ። መደብ፣ ወንበርና መጥቅዕ ቫሪያብሎች ናቸው፤ ስም ያላቸው የቁጥር ማስቀመጫዎች። ቀሪ የሚወሰድበት ማካፈል በየፕሮግራም ቋንቋው የራሱ ምልክት ያለው ሥራ ነው። ሁለት ምርጫዎች አሉ፤ አንድ የዕለታት ሠንጠረዥ አለ። ይበልጥ የሚገርመኝ ግን ሊቃውንቱ ድንበር ላይ ያሉትን አስቸጋሪ ሁኔታዎች አለመርሳታቸው ነው። መደብ ዜሮ ቢሆንስ፣ ከዜሮ አንድ እንዴት ይቀነሳል? ወንበር 18 ይሆናል። መጥቅዕ ዜሮ ቢወጣስ? 30 ይባላል። የመጀመሪያው በ2005፣ ሁለተኛው በ2006 ዓ.ም. ደርሷል። የዛሬ ሶፍትዌር ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እንዲህ ያሉ ዳር ድንበሮች በመረሳታቸው ነው።

በክፍል ውስጥ እንዲህ አድርጉት። ስድስት ተማሪዎች በረድፍ ይቁሙ። የመጀመሪያው ዓመቱን በቁራጭ ወረቀት ተቀብሎ 5500 ይደምርና ውጤቱን ለሁለተኛው ይሰጣል። ሁለተኛው መደብን፣ ሦስተኛው ወንበርን፣ አራተኛው መጥቅዕን ያወጣል። አምስተኛው ወሩን ይወስናል፣ ዕለቱንም ከካላንደር ያነብባል፤ ስድስተኛው ሠንጠረዡን ይዞ ይጨርሳል። ማንም ከጎረቤቱ ሥራ ውስጥ አይገባም፤ የሚያውቀው የሚቀበለውን ወረቀትና የሚሰጠውን ወረቀት ብቻ ነው። ፈንክሽን የሚባለውን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ነገር አላየሁም። ውጤቱ ከካላንደሩ ጋር ካልገጠመ ወረቀቶቹን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው እየገለጡ ማን እንደተሳሳተ ይፈልጋሉ። ስሌቱ የቤተ ክርስቲያን መሆኑን አውቃለሁ፤ ልዩ ልዩ እምነት ያላቸው ልጆች ባሉበት የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህሩ ማመዛዘን ይገባዋል፤ ካልተመቸው ማባዣውና ገበጣው አሉ።

አሁን ደስ የማይለውን ልናገር። እነዚህን ጨዋታዎች ማጫወት ብቻውን ፕሮግራሚንግ ማስተማር አይደለም። በእስራኤል የዋይዝማን የሳይንስ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2009 ባቀረቡት ጥናት፣ የቤልን ጨዋታዎች የተማሩ የመለስተኛ ክፍል ልጆች ስለ ኮምፒውተር ሳይንስ ያላቸው አመለካከት የተለወጠው በከፊል ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከምክንያቶቹ አንዱ ጨዋታዎቹ ከትምህርቱ ዋና አሳቦች ጋር በግልጽ አለመታሰራቸው ነበር። ልጁ ተጫወተ፣ ሳቀ፣ ወደ ቤቱ ሄደ።

ሌላው ጥናት ከኔዘርላንድስ ነው። ፌሊየን ሄርማንስና ኤፍቲሚያ አይቫሎግሉ በ2017 እ.ኤ.አ. 35 የአንደኛ ደረጃ ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን አራት ሳምንት ያለ ኮምፒውተር ተምሮ አራት ሳምንት ስክራች በተባለው የልጆች የፕሮግራም ቋንቋ ቀጠለ፤ ሌላው ስምንቱንም ሳምንት በስክራች ተማረ። በመጨረሻ የአሳቦቹ ዕውቀት በሁለቱ መካከል ልዩነት አላሳየም። ያለ ኮምፒውተር የጀመሩት ግን በራሳቸው ይበልጥ ይተማመኑ ነበር፣ ከስክራች ትእዛዞችም ብዙ ዓይነቱን ተጠቀሙ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ በእሱ ብቻ አዋጅ አይታወጅም። እኔ ግን የምወስደው ይህን ነው፦ ግማሹን ጊዜ ኮምፒውተር ሳይነኩ የተማሩ ልጆች ምንም አልጎደለባቸውም። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ዜና ነው። አንድ ኮምፒውተር ለስምንት ልጆች ከሆነ፣ ሰባቱ ተንጠራርተው ከሚያዩ ግማሹን ትምህርት ግቢ ውስጥ ቢማሩ ይሻላቸዋል።

ድልድዩ እንግዲህ የመምህሩ ነው። ከአርባ ደቂቃው ክፍለ ጊዜ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለማንም አትስጡ። በዚያች ጊዜ ጨዋታው በአማርኛ፣ ወይም ልጆቹ በሚናገሩት ቋንቋ፣ በመስመር በመስመር ሰሌዳው ላይ ይጻፋል፦ «መጥቅዕ ከ14 ከበለጠ፣ ወር መስከረም ይሁን፤ አለዚያ ወር ጥቅምት ይሁን»። በሥሩ ደግሞ መምህሩ ያንኑ በፓይተን ሦስት አራት መስመር ይጽፋል። ልጆቹ እንዲሸመድዱት አይደለም፤ ማሽኑ የሚፈልገው እነርሱ ቀድሞውኑ የሚያውቁትን መሆኑን እንዲያዩ ነው። ኮምፒውተር ሲገኝ ስክራችን ያለ ኢንተርኔት መጫን ይቻላል፤ የምናሌ ቋንቋውንም ወደ አማርኛ መቀየር ይቻላል።

በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ወር ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረውን የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ኢኒሼቲቭ ሁላችሁም ሰምታችኋል። ትምህርቱ በኢንተርኔት የሚሰጥ ነው፤ ስልክ ወይም ላፕቶፕና ኔትወርክ ላለው ወጣት መልካም ዕድል ነው። ነገር ግን እዚያ የሚደርሰው ወጣት ከአሥር ዓመቱ ጀምሮ መመሪያ መጻፍና ስሕተት ማደን የለመደ ቢሆን ስንት ነገር ይቀልለት ነበር! ያን የሚያስለምደው የአንደኛ ደረጃ መምህር ነው፤ ለዚያም የኮምፒውተር ዲግሪ አያስፈልገውም። የሒሳብ መምህር ማባዣውን፣ የአማርኛ መምህር የፊደል ተራውን፣ የስፖርት መምህር ግቢ ላይ የሚደረደሩትን ልጆች ሊይዝ ይችላል።

ወላጆች፣ ትምህርት ቤት ስታስመዘግቡ «ስንት ኮምፒውተር አላችሁ?» ብላችሁ ብቻ አትመለሱ፤ ልጆቹ በሳምንት ውስጥ ምን እንደሚጽፉና የጻፉትን ማን እንደሚያስኬደው ጠይቁ። መምህራን፣ ለሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ብቻ ምረጡ፤ እኔ የቆርኪውን እመክራለሁ። ከምትሠሩበት ትምህርት ቤት አጠገብ ያለው ሱቅ ቆርኪውን በነፃ ይሰጣችኋል። ቤት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተለማመዱት፤ የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃም ጠብቁ።